12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ስላለፉት በስም ይወራል፤ ስለወደቁት በመቶኛ። እኔ የ2014 ተፈታኝ ነኝ። ብሔራዊ ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን፣ ጥቅምት 2015 ላይ የተፈተንነው እኛ ነን። ከ896 ሺህ በላይ ነበርን። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ እንኳ አልሞላም፤ 3.3 በመቶ። በተከታዩ ዓመት 3.2 ሆነ፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። ኩረጃ እንዲቆም መደረጉን ያኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ወጣት ውጤቱን ስልኩ ላይ አይቶ ቤቱ ሲቀመጥ፣ ከዚህ በኋላ በየት በኩል እንደሚኬድ የሚነግረው አልነበረም።

የተወሰኑት በሬሜዲያል፣ ማለትም በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራሙ፣ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። አንዳንዱ ቴክኒክና ሙያ ተመዘገበ። ከሰፈሬ ልጆች ፓስፖርት አውጥተው ቤይሩትና ሪያድ የሄዱ አሉ። የቀረነው የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርን። ዛሬ የምጽፈው ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ለሚዘጋጁት። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ፈተና ያ ፈተና አይደለም። ያኛው የአራት ዓመት ፊዚክስና ኬሚስትሪ በጥቂት ቀን የሚጠየቅበት ነው። ይህኛው ግን ሥራውን ታውቀዋለህ ወይ የሚል ነው፤ ሥራው ደግሞ ይታወቃል። በዚያኛው ስለወደቅን በዚህኛውም እንወድቃለን ብለን የምንቀመጠው ብዙ ነን። እንደኔ እንደኔ ሥራ ፈላጊውን ከፈተናው በላይ የሚጥለው ይህ ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሥራ ፈላጊ አራት ኪሎ ጋዜጣ የሚያከራዩትን ያውቃቸዋል። ድንጋዩ ላይ ወይም አጭር ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ተከራይቶ፣ ማስታወቂያውን በደብተር ገልብጦ ጋዜጣውን መመለስ ነው። አሁን ቴሌግራሙ ብዙውን ሥራ ወስዶታል፤ ያም ሆኖ ጋዜጣው ጋ ሄጄ ማንበቤን ለረጅም ጊዜ አልተውኩም። ምክንያቱም ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ነው። የሥራ መደቡ፣ ብዛቱ፣ ደሞዙ ይታያል፤ ከታች ያለው «ማሳሰቢያ» የሚለው ክፍል ይቀራል። ከማስታወቂያው ሁሉ በደንብ መነበብ ያለበት ግን እሱ ነው። ምዝገባው ስንት ተከታታይ የሥራ ቀናት እንደሆነ፣ ቀኑ ማስታወቂያው ከወጣበት ዕለት እንደሚቆጠር፣ ኦሪጅናልና ኮፒው አንድ ላይ እንደሚቀርብ፣ ዋስ እንደሚያስፈልግ የሚጻፈው እዚያ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ አውቶቡስ ከፍሎ ሲደርስ ምዝገባው አንድ ቀን አልፎት ሲመለስ አይቻለሁ። የተቆረጠውን ማስታወቂያ ያነበበ ልጅ ነበር።

ለ12ኛ ክፍል አጠናቃቂ የሚወጡት መደቦች ያን ያህል ብዙ አይደሉም። ጥበቃ፣ መልእክት ሠራተኛ፣ ጽዳት፣ የማባዣ ሠራተኛ፣ የሪከርድና ማህደር ሠራተኛ፣ ትኬት ቆራጭ፤ እንዲህ እንዲህ ያሉ ናቸው። የፖሊስና የመከላከያ ምልመላ አለ፤ እዚያ ቁመቱም፣ ሩጫውም፣ የጤና ምርመራውም ስላለ ዝግጅቱ ሌላ ነው፤ እሱን ያለፉበት ቢጽፉት ይሻላል። ማስታወቂያዎቹ ላይ አሁንም «በቀድሞው 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀ» የሚል ታገኛላችሁ። በአሮጌው ሥርዓተ ትምህርት 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ስለነበረ፣ ሁለተኛ ደረጃ እዚያ ላይ ይቆጠር ስለነበረ ነው። አዲሶቹ ልጆች ይህን አይተው «እኛን አይመለከትም» ብለው ሲያልፉት ያሳዝነኛል። ጠይቁ። ሰው ሀብት ክፍል ገብቶ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ካልጠየቃችሁ ማንም ጠርቶ አይነግራችሁም።

የኔ ዝግጅት መልክ የያዘው በአንድ ጎረቤታችን ምክንያት ነው። በሪከርድ ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን በራቸው ላይ ከጓደኛዬ ጋር ስለ አንድ ማስታወቂያ ስናወራ ሰሙንና ደብተሬን ተቀበሉኝ። አነበቡት።

«እስከ ደሞዙ ድረስ ብቻ ነው እንዴ የገለበጥሽው?» አሉኝ።

«ሌላው ያው ነው ብዬ ነው ጋሼ።»

«ያው አይደለም ልጄ። ተፈላጊ ችሎታው ላይ ያለውን ቃል በቃል ጻፊው። የሚፈትኑሽ የሚያሠሩሽን ነው። ፊዚክስ አይጠይቁሽም።»

ከዚያ በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው በረንዳ ላይ መሰብሰብ ጀመርን። መጀመሪያ ያሠሩን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። የአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ወረቀት በመቀስ ቆራርጠው እያንዳንዱ ላይ ስም ጻፉበትና ጠረጴዛው ላይ በተኑት። ሀብታሙ፣ ሐረገወይን፣ ሠናይት፣ ሰለሞን፣ ኃይሉ፣ አለማየሁ፣ ዓለሙ፣ ጸሐይ፣ ፀጋዬ። «በፊደል ተራ ደርድሩ» አሉን። ቀላል መሰለን። ሦስታችንም ኃይሉን ከሀብታሙ ጎን አስቀመጥነው፤ ዓለሙን ከአለማየሁ አጠገብ። ጋሼ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የልጅ ልጃቸውን የፊደል ገበታ አሳዩን፤ ኃይሉ የሚጻፍበት «ኀ» ከ«ቸ» በኋላ ነው የሚመጣው፣ ዓለሙ የሚጻፍበት «ዐ» ደግሞ ከ«ወ» ቀጥሎ። ገበታውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስናየው ኖረን ተራውን አንዳችንም በቃል አናውቀውም ነበር።

ከዚያ ጥያቄው ጠነከረ። «ኃይሉ መጥቶ ማመልከቻው ላይ ስሙን በሀሌታው ሀ ቢጽፍስ? መታወቂያው ላይ በአንድ ዓይነት፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ በሌላ ዓይነት ቢሆንስ? ማህደሩን የት ታስቀምጡታላችሁ?» ዝም አልን። እሳቸው ሲያስረዱ ማህደሩ መጀመሪያ በተከፈተበት ስም ይቀመጣል፣ በሌላው አጻጻፍ በሚፈለግበት ቦታ ደግሞ «እዚህ ቁጥር ይመልከቱ» የሚል ማመላከቻ ወረቀት ይገባል። ይቺ ማመላከቻ ሳትገባ ስትቀር ነው ባለጉዳይ መጥቶ «ማህደርዎ ጠፍቷል» የሚባለው። ያልጠፋ ማህደር ጠፋ ተብሎ አንድ አዛውንት የጡረታ ጉዳያቸውን ይዘው ሲመላለሱ ይከርማሉ።

ያን ዕለት የተማርኩት ፊደል ብቻ አልነበረም። የምፈተንበት ሥራ ሰው ላይ የሚያደርሰውን አየሁ። ከዚያ በኋላ ጥናቱ አልከበደኝም። ስለ ገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝገብ፣ ስለ ደብዳቤ ቁጥር አሰጣጥ፣ ስለ ሚስጥራዊ ሰነድ አያያዝ ስናጠና ከእያንዳንዱ በስተጀርባ አንድ ባለጉዳይ ቆሞ ይታየኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ 12 ዓመት ስማር እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም።

ጠቅላላ ዕውቀቱስ? እሱም ቢሆን ከየት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ማንኛውም መንግሥት መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ የተለጠፉትን አንብቧቸው። 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች አሉ፦ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ሚስጥር መጠበቅ፣ አድልዎ አለመፈጸም እያለ የሚሄደው። የዜጎች ቻርተር አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ለባለጉዳይ ስለሚሰጠው አገልግሎት ቃል የገባበት ጽሑፍ ነው። የካይዘን፣ የጃፓኑ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ አምስቱ «ማ»ዎች አሉ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ተመዝጋቢው ወረፋ ሲጠብቅ ጀርባውን የሚያስደግፍባቸው ጽሑፎች ናቸው፤ ጥያቄው የሚወጣው ግን ከእነሱ ነው። መርሆዎቹን በተርታ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። «ዘመድህ ያለወረፋው እንዲስተናገድ ጠየቀህ፣ እሺ ብትለው የትኛውን መርህ ትጥሳለህ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ፣ አድልዎ አለመፈጸምን ከቅንነት መለየት ያስፈልጋል። እኛ እርስ በርሳችን እንዲህ ያለ ጥያቄ እያወጣን ነበር የምንጠያየቀው፤ ጥያቄ ማውጣት መልስ ከመሸምደድ ይበልጥ ያስተምራል።

ሕገ መንግሥቱን አንብቡት። በ1987 የጸና፣ 11 ምዕራፍና 106 አንቀጽ ያለው ሰነድ ነው፤ ተረጋግቶ ለተቀመጠ ሰው በጥቂት ቀን ያልቃል። የመንግሥት ሠራተኞችን አዋጅ ደግሞ ከነጋሪት ጋዜጣው ራሱ አንብቡ። በግራ አማርኛ በቀኝ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉ ያልገባችሁን ወዲያ ተሻግራችሁ ታዩታላችሁ። ስለ ቅጥር የሚለውን ክፍል ሳነብ በጣም የገረመኝ፣ ፈተና ላይ ከመጠየቁ ይልቅ ለራሴ የሚጠቅመኝ መሆኑ ነው። ክፍት የሥራ መደብ በውድድር እንደሚሞላ፣ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩነት ማድረግ እንደማይቻል፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንደማይቀጠር ተጽፎ አገኘሁት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ነው፤ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1353 ተተክቷል። ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮችም የየራሳቸው አዋጅ አላቸው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጠው የጥያቄና መልስ ጥራዝ ግን እስከ አሁን አሮጌውን ይዞ ነው የሚዞረው።

ስለ እነዚህ ጥራዞች ካነሳሁ አይቀር ልናገር። «የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈተና ከነመልሱ» እየተባለ በቴሌግራም የሚሸጠውን አትግዙ። ትምህርት ቤት ያጠናነውን አፕቲትዩድ ገልብጠው፣ የባንክ ፈተና ቀላቅለው፣ የእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት ጨምረው ነው የሚሸጡት። ባንክና አየር መንገድ ለሚወዳደር አፕቲትዩድና እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ለሪከርድ ሠራተኝነት ለሚፈተን ግን ጥናቱ ሌላ ነው። ከዚህ የባሰው «ፈተናው እጃችን ገብቷል፣ በቴሌብር ላኩ» የሚሉት ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚነግዱት በልጆች ተስፋ መቁረጥ ነው። እናቱ እንጀራ ሸጣ የሰጠችውን ብር ለእነሱ የላከ ልጅ አውቃለሁ፤ ዛሬም ስለሱ ሳስብ ያንገበግበኛል። ብር ካላችሁ ኮምፒውተር ቤት ሰዓት ግዙበትና አማርኛ መጻፍ ተለማመዱ። ጽሕፈት የሚጠይቅ መደብ ላይ የተግባር ፈተናው ኪቦርድ ላይ ነው፤ እጁ ያልለመደ ሰው ዕውቀት ኖሮትም ሰዓት ያልቅበታል።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀኝ ጥያቄ ላይ ልምጣ። «ሰው አለሽ ወይ?» ይላሉ። ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነው ስል አክስቴም፣ ጎረቤትም፣ ታክሲ ውስጥ የተዋወቅኩት ሰውም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ያለ ሰው አይገባም፣ ፈተናው ለይስሙላ ነው፣ የሚገባው ሰው ቀድሞ ታውቋል። ይህ ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። እኔ ራሴ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተናውን ጥሩ ሠርቼ ከወጣሁ በኋላ፣ ውጤቱ ሳይለጠፍ ሰው ተቀጥሮ አግኝቻለሁ። ስጠይቅ «አልቋል» ብቻ ነበር መልሱ። ስንት እንዳመጣሁ አላውቅም፣ ያለፈው ስንት እንዳመጣም አላውቅም። በዚያ ሳምንት ደብተሬን መክፈት አስጠልቶኝ ነበር።

ሌላም መሥሪያ ቤት ግን አይቻለሁ። የጽሑፉ ከስንት፣ የተግባሩ ከስንት፣ የቃለ መጠይቁ ከስንት እንደሚያዝ አስቀድሞ ነገሩን፤ ከፈተናው በኋላ የተወዳዳሪዎች ስም ከነነጥቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ። እዚያ አላለፍኩም፤ ሦስተኛ ነበርኩ፣ የሚፈለጉት ሁለት ነበሩ። በየትኛው እንዳነሰኝ ግን በዓይኔ አየሁ። የተግባሩ ላይ ነበር፤ ሄጄ እሱን አጠናሁ። ይህቺ አንድ ወረቀት ሰሌዳ ላይ መለጠፏ ለአንድ ወጣት ምን እንደምታደርግ መሥሪያ ቤቶች ቢያውቁት ምንኛ ጥሩ ነበር። ውጤት ሳይለጠፍ ሲቀር የሚጎዳው ያ አንድ ተወዳዳሪ ብቻ አይደለም። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ «አትልፉ» የሚል ወሬ ይዞ ነው የሚመለሰው። ከዚያ በኋላ ሰው የሚፈልገው ጥናት መሆኑ ቀርቶ አገናኝ ይሆናል፤ አገናኙ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል።

ካለፉ በኋላ ያለውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ ከመታወቂያና ከጉርድ ፎቶግራፍ ሌላ የጤና ምርመራ ውጤትና ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። የጤና ምርመራው ኤች አይ ቪን እንደማይጨምር ሕጉ ላይ ስላለ፣ ያን የሚጠይቃችሁ ካለ እንቢ ማለት መብታችሁ ነው። ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን ከወዲሁ አረጋግጡ፤ የአያት ስም ላይ የምትገኝ የአንድ ፊደል ልዩነት ቀበሌና ትምህርት ቤት ስታመላልስ ቀነ ገደቡ ያልፋል። ትራንስክሪፕታችሁን፣ የፋይዳ መታወቂያችሁን፣ ሁሉን ነገር ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት አዘጋጁ።

ከሁሉ የሚከብደው ዋሱ ነው። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚያዝበት መደብ ላይ ተያዥ ይጠየቃል፤ ተያዡ ደግሞ ደሞዙ በደብዳቤ የሚረጋገጥ ሠራተኛ መሆን አለበት። ደሞዝተኛ ዘመድ ያለው ልጅ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። አባቷ የቀን ሠራተኛ፣ እናቷ ጉሊት ቸርቻሪ የሆነች ልጅ ግን ፈተናውን አንደኛ ወጥታ በዚህ ልትቀር ትችላለች። መሥሪያ ቤቱ ንብረቱን መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ግን ድሃ ቤት ያደገውን ልጅ ከውድድሩ በር ላይ የሚመልስ መንገድ መሆኑን የሚያስብበት ሰው ያስፈልጋል። ለጊዜው የምመክረው፣ ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ከፈተናው በፊት እንድታነጋግሩ ነው። አብዛኛው ሰው እንቢ የሚለው በድንገት ሲጠየቅ ነው። የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ለኔ የቆሙልኝ ስለሚያውቁኝ፣ ሳጠና ስላዩኝ፣ አስቀድሜም ስለነገርኳቸው ነው።

ደሞዙ ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም። እኔ ከቤተሰብ ጋር ስለምኖር ተሳካልኝ፤ ማታ ማታም እየተማርኩ ነው። ለብዙዎቻችን ይህ ሥራ መቆሚያ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ቀጣዩን ማየት ይቻላል። «ዜሮ ዓመት» የሚለው ከፊታችሁ ይነሳል፤ ሁለት ዓመት የሚጠይቀው ማስታወቂያ ላይ ስማችሁን ማስገባት ትጀምራላችሁ።

በመጨረሻ ስለ ቅሬታ አንድ ነገር። ውጤት ካልተለጠፈ ወይም ነጥባችሁ ካልተነገራችሁ በቃል ተጨቃጭቃችሁ አትመለሱ። በግማሽ ገጽ ጻፉት፦ የሥራ መደቡን፣ የተፈተናችሁበትን ቀን፣ የምትጠይቁትን። በሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱን አስገቡ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። ቁጥር ያለው ደብዳቤ መልስ ይጠየቅበታል፤ ቁጥር የሌለው አልደረሰንም ሊባል ይችላል። ያን ቁጥር የሚሰጠው ሪከርድ ክፍል ነው። እኔ አሁን የምሠራበት ክፍል እሱ ነው፤ በኔ መስኮት የመጣ ማመልከቻ ቁጥር ሳይሰጠው አይመለስም።